የጠፋው ካርታና ጉድጓዱ

አንድ ሰው ነበረ፤ የቤቱን ካርታ ጎርፍ የወሰደበት።

ተቀመጪ ልጄ፤ ጥያቄሽን መሸሼ አይደለም። አባትሽ ሊያርፍ ሁለት ቀን ሲቀረው ጠርቶሽ፣ ከሌላ ሴት የወለዳት እህትሽ የቤቱን እኩሌታ እንድታገኝ ቃል አስገባሽ። በክፍሉ ውስጥ ከሁለታችሁ በቀር ሰው አልነበረም። ኑዛዜ አልተጻፈም፤ እህትሽም እስከ ዛሬ አልሰማችም። «አባባ፣ ከሞተ ሰው በቀር የሰማው የሌለ ቃል ያስራል ወይ?» አልሽኝ። እኔ ሕግ አዋቂ አይደለሁም። የማውቀው ይህን ሰው ነውና የእሱን ልንገርሽ።

ሰውየው የውጭ አገር ዜጋ ነበር፤ አርመን። አያቱ ስደት ሲያንከራትተው ኖሮ ባቡር ወደሚያልፍባት አንዲት ቆላ ከተማ መጣ፤ በጊዜው ሕግ ቦታ ተመርቶ ቤት ሠራ፣ ሎሚ ተከለ። አባቱም እሱም የተወለዱት በዚያው ቤት ነው። ስሙ ሃይጋዝ ይባላል፤ የከተማው ሰው ግን የውጭ ሰው በሚጠራበት አጠራር «ሙሴ ሃይጋዝ» ይለው ነበር። አማርኛውን ብትሰሚ ከእኛ አትለዪውም፤ ሲቆጣም ሲምልም በአማርኛ ነው። ፓስፖርቱ ግን የሌላ አገር ስለሆነ፣ በየጊዜው የመኖሪያ ፈቃዱን ለማሳደስ ወረፋ ይቆማል። በተወለደባት ከተማ ለመኖር ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው ነበር ማለት ነው። በዚህ ሲያማርር የሰማው ሰው የለም።

ሥራው የውሃ ሞተር መጠገን ነበር። በዚያ ሐሩር አገር የውሃ ሞተር የሚያድን ሰው እንደ ሐኪም ነው የሚታየው። በግቢው ጥግ ደግሞ ቧንቧው ሁሉ ሲደርቅ የማይደርቅ ጉድጓድ ነበረው፤ የሎሚ ዛፎቹ የሚኖሩት በእሱ ነው።

በአጥሩ ማዶ ወይዘሮ ሙሉእመቤት የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ትኖራለች። የሰው ልብስ አጥባ አዳሪ ናት። ለአጣቢ ውሃ ምን ማለት እንደሆነ ታውቂዋለሽ። ባሏ በሞተ በወሩ ሙሴ ሃይጋዝ በአጥሩ ላይ ትንሽ በር ከፈተላትና «ወይዘሮ ሙሉ፣ እንዳሻሽ ቅጂ» አላት። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ጀሪካኗን ይዛ በዚያች በር ትገባለች፤ ሞልታ ስትወጣ «እግዜር ይስጥልኝ ሙሴ፣ ውሃ አያሳጣዎ» ሳትል አትሄድም። ውለታውን ለመመለስ ብላም የእሱንና የሚስቱን የወይዘሮ ሲራኑሽን አንሶላና ሸሚዝ በነፃ ታጥብላቸው ነበር። ይህ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነ። ከተማው ሁሉ ያወቀው ደግነት ነው።

አሁን ከተማው ያላወቀውን ልንገርሽ። ጎርፉ ከመምጣቱ ከአራት ዓመት በፊት ሙሴ ሃይጋዝ የዛገውን የቆርቆሮ አጥር ሊያድስ አሰበና፣ ልኩን ለማየት የአያቱን ካርታ ከሣጥን አወጣ። በሕይወቱ ልብ ብሎ ሲያየው የመጀመሪያው ነበር። የድንበሩ መስመር በቤቱና በጉድጓዱ መካከል ያልፋል፤ ጉድጓዱ ከድንበሩ ውጭ ነው። ደጋግሞ አየው። አጎንብሶ በሜትር ለካው። ለካስ አባቱ ጉድጓድ ባስቆፈረበት ዘመን የጎኑ ቦታ ባዶ ነበረና፣ ውሃው የተገኘው እዚያ ሲሆን አጥሩን ገፋ አድርጎ አስገብቶታል። ኋላ ቦታውን የሙሉእመቤት ባል ሲመራ አጥሩን እንደ ቆመ ተቀበለው እንጂ የለካ አልነበረም።

ይህች ሴት ሃያ ዓመት ያህል በገዛ ውሃዋ ስታመሰግነው ኖራለች ማለት ነው።

ሙሴ ሃይጋዝ ለሚስቱ ነገራት። «እንነግራታለን» አለ፤ «ነገ።» በማግስቱ ሙሉእመቤት ጀሪካኗን ሞልታ «ውሃ አያሳጣዎ» ስትለው አንገቱን ደፋ፣ ግን አልነገራትም። በሳምንቱም አልነገራት። የተጠቀለለው ካርታ ወደ ሣጥኑ ተመለሰ፤ አጥሩም ሳይታደስ ቀረ። አራት ዓመት እንዲህ አለፈ። ልብ በዪ፤ ይህን ሰው የማደንቀው መልአክ ስለነበረ አይደለም።

ከዚያ ጎርፉ መጣ። ከተማዋን ለሁለት የሚከፍለው አሸዋማ ወንዝ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ ነው፤ በዚያን ቀን ግን ደጋው ላይ የዘነበው ሁሉ ከሰዓት በኋላ ተሰብስቦ ወረደ። ሙሴ ሃይጋዝና ሚስቱ ተያይዘው ወደ ባቡር ጣቢያው ጉብታ ሮጡ። ሲመለሱ የመኝታ ቤቱ ግድግዳ የለም፤ ሣጥኑም የለም። የማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ክፍልም በጭቃ ተሞልቶ የሠፈሩ ፋይል በሙሉ ቀልጧል። የሙሉእመቤትም ካርታ ከቤቷ ዕቃ ጋር ሄደ። የዚያን ድንበር እውነት የያዘ ወረቀት በምድር ላይ አንድም አልቀረም።

የማዘጋጃ ቤቱ ሹም መልካም ሰው ነበር። ሙሴ ሃይጋዝን አስቀምጦ ደህና አድርጎ አስረዳው።

«መጥፋቱን ከፖሊስ ያስጽፉ። የመኖሪያ ፈቃድዎንና ፓስፖርትዎን ያምጡ። እኛ በጋዜጣ እናወጣለን፣ ደጃችን ላይም እንለጥፋለን፤ ተቃዋሚ ካለ በሠላሳ ቀን ይቀርባል። ቀያሽ ሄዶ ይለካል፣ አዋሳኞችዎ ይፈርማሉ። ያን ጊዜ ምትክ ካርታ ይሰጥዎታል።»

«እንደ ሌላው ሰው ነዋ» አለ ሙሴ ሃይጋዝ።

ሹሙ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እንደ ሌላው አይደለም። ሌላው ክርክር ቢነሣበት ተከራክሮ ያገኛል። ለውጭ አገር ዜጋ ግን ዛሬ አዲስ ይዞታ አይሰጥም፤ የሚጸናው ከድሮ የነበረው ብቻ ነው። እንደነበረ ማረጋገጥ ካቃተን ቦታው ወደ ማዘጋጃ ቤት ሊዞር ይችላል። ስለ ድንበሩ አንድ ሰው እንኳ ጥያቄ እንዳያነሣ። ጎረቤቶችዎ ይወዱዎታል፤ እንደ ቆመ ያስለኩና ይገላገሉ።»

ሙሴ ሃይጋዝ አመስግኖ ወጣ። በመንገድ ላይ አንድ ነገር ተሰማው፤ እስኪሞት ድረስ ያሳፈረው ነገር ነው። ደስ አለው። ቤቱ ፈርሶ፣ ዕቃው ጠፍቶ፣ ደረቱ ቀለለው። አራት ዓመት ሲከሰው የኖረው ወረቀት የለም። ይህን ለራሱ ሲያውቅ በመንገድ መካከል ቆመ፤ ከኋላው የመጣው ጋሪ ነጂ ጮኸበት።

ቤት ገብቶ ለሲራኑሽ የሹሙን ቃል ነገራት። እሷ በድንኳን ሸራ ሥር ጭቃ የነካውን ዕቃ እያጠበች ነበር።

«እንግዲህ እንደ ቆመ ይለካ» አለች።

«ጉድጓዱስ?»

ሲራኑሽ ቀና ብላ አላየችውም። «እኔ ስድሳ ሦስት ዓመቴ ነው፣ ሃይጋዝ። ከዚህ ቢያስወጡን የት ነው የምንሄደው? ፓስፖርቱ የዚያ አገር ነው ይላል እንጂ እዚያ ማን ያውቀናል? መቃብራችን እንኳ እዚህ ነው። ለሙሉ እንደሆነ ውሃውን አልከለከልናት። ዕድሜ ልኳን ትቅዳ።»

ያለችው ሁሉ እውነት ነበር። ሙሴ ሃይጋዝ «እሺ» አላት።

ቀያሹ የመጣው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ሙሴ ሃይጋዝ ማንንም ሳይለምን የሠፈሩ ሰው ግቢውን ሞላው። አዋሳኞቹ ሁሉ አሉ። ሞተር የጠገነላቸው ገበሬዎች ከአትክልት ቦታቸው ድረስ መጥተዋል። ቀያሹ ወረቀቱን ዘርግቶ «ይህን ሰው በዚህ ይዞታ የሚያውቅ?» ሲል ሁሉም አንድ ላይ ተናገሩ። አንዱ «አያቱንም አውቃለሁ» አለ፤ ሌላው «ባዕድ አትበሉት፣ ከእኛ በፊት እዚህ የነበሩ ናቸው» አለ። ሙሴ ሃይጋዝ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ መሬት መሬት ያያል።

ከሁሉ ፊት ሙሉእመቤት ነበረች። ለዚያ ቀን ብላ ነጭ ነጠላዋን ለብሳለች። ቀያሹ ረዳቱን ችካል አስይዞ ከጉድጓዱ ማዶ ወዳለው የአጥሩ ጥግ ሲሄድ እጇን ዘርግታ አሳየችው።

«አዎን፣ እዚያ ነው። ጉድጓዱ የሙሴ ነው። ባሌ ከሞተ ጀምሮ ያጠጣኝ እሱ ነው። ይህን ሰው ቤቱን ብታሳጡት እግዜር ይፈርድባችኋል። የት ልፈርም?»

ረዳቱ ችካሉን ተከለና መዶሻውን አነሣ።

«አትምታው» አለ ሙሴ ሃይጋዝ።

ሰው ሁሉ ዞረ። እሱ ከቆመበት ተነሥቶ በሎሚዎቹ መካከል አለፈ፤ ጉድጓዱንም ወደ ቤቱ አቅጣጫ አልፎ አሥር እርምጃ ያህል ወዲህ ቆመና በጫማው ተረከዝ መሬቱን ጫረ።

«ድንበሩ እዚህ ነው። አጥሩን አባቴ ነው የገፋው። ካርታው ላይ አይቼዋለሁ። ጉድጓዱ የወይዘሮ ሙሉእመቤት ነው።»

ቀያሹ ብዕሩን አነሣና መልሶ አስቀመጠ። «ሙሴ፣ የሚሉትን ያውቃሉ? ይህን ከጻፍኩ ድንበሩ አጠራጣሪ ነው ማለት ነው። ፋይሉ ይቆማል። ለእርስዎ ደግሞ ፋይል ቆመ ማለት…»

«አውቃለሁ። ተነግሮኛል። ጻፍ።»

ያን ጊዜ ሲራኑሽ ከተቀመጠችበት ድንጋይ ተነሣች። ልታስቆመው ነው ብለው ሰዎች መንገድ ለቀቁላት። ባሏ አጠገብ ደርሳ የጫረውን መስመር አየችው። ፊቷ አመድ መስሎ ነበር።

«እዚህ አይደለም፣ ሃይጋዝ» አለችው። «ካርታው ላይ መስመሩ የወጥ ቤቱን ጥግ ነክቶ ነው የሚያልፈው። ረስተኸዋል።» ሁለት እርምጃ ወደ ቤቷ ቀረብ ብላም እሷ ራሷ ቆመችበት። «እዚህ ነው።»

አየሽ? ዝም እንበል ያለችው ሴት ናት። ባሏ አንዴ አፉን ከከፈተ በኋላ ግማሽ እውነት አልሆነላትም። ብዙ ሰው ስለ ሙሴ ሃይጋዝ ይናገራል፤ እኔ ስለዚያች ሁለት እርምጃ ሳስብ እስካሁን ይገርመኛል።

ሙሉእመቤት ግን አልተደነቀችም። ነጠላዋን ሰብስባ ወደ ሙሴ ሃይጋዝ ቀረበች።

«ካወቅኸው ስንት ጊዜ ሆነህ?» አለችው። «እርስዎ» ማለቷን ትታለች።

«አራት ዓመት።»

«አራት ዓመት! ጠዋት ጠዋት በርህ ላይ ቆሜ ስመርቅህ ሰማህ? አንሶላህን በገዛ ውሃዬ አጥቤ፣ አጥፌ፣ አምጥቼ ስሰጥህ ተቀበልህ?»

«ተቀበልሁ።»

ምክንያት አልደረደረም። ሙሉእመቤት ሳትፈርም ወጣች። እሷ ስትሄድ ሌሎቹም አዋሳኞች ብዕሩን ለመያዝ አመነቱ። ቀያሹ «ድንበሩ አልተረጋገጠም» ብሎ ጻፈና ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያለው ወር ለባልና ሚስቱ ከባድ ነበር። ማስታወቂያው በማዘጋጃ ቤቱ ደጅ ተለጥፏል፤ የካርታውን ጉዳይ ከሚወስነው የማዘጋጃ ቤቱ ኮሚቴ አንዱ «ቦታው ለመጋዘን ይሆናል» ማለቱን ሰምተዋል። ሲራኑሽ ከጎርፉ የተረፈውን ዕቃ በሁለት ከረጢት አስራ በር አጠገብ አስቀመጠች። ሙሴ ሃይጋዝ ግን ማንም ሳያዝዘው ያንኑ ሳምንት የቆርቆሮውን አጥር ነቅሎ እነሱ ባሳዩት መስመር ላይ ተከለው። ከጉድጓዱም አንዲት ባልዲ አልቀዳም። ለመጠጣቸው ከባቡር ጣቢያው ቧንቧ በጋሪ ያመጣል፤ ለሎሚዎቹ አይበቃም። ቅጠላቸው ቢጫ ሆኖ ይረግፍ ጀመር። አንዳንዱ ሰው ጠግቦ ነው አለ። ሌላው፣ አገሩ ሊሄድ ስላሰበ ነው አለ።

ሙሉእመቤት በአዲሱ አጥር ማዶ ልብስ ታጥባለች። የአጥሩን ሥራ አይታለች፤ ጋሪውንም አይታለች። አትናገረውም።

ማስታወቂያው በተለጠፈ በሃያ ስምንተኛው ቀን ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሄደች። ሹሙ ሲያያት ሰጋ።

«ተቃውሞ ነው የምታቀርቢው?» አላት።

«ምስክርነት ነው» አለች። «ጻፉ። ይህ ሰው አራት ዓመት ደብቆብኛል፤ አልረሳለትም። አሁን እናንተን አንድ ነገር ልጠይቅ። ካርታ የሚባለው ምንድን ነው? እውነቱ የቱ ላይ እንዳለ የሚናገር ወረቀት አይደለም ወይ? ወረቀቱ ሲጠፋ እሱ ተናገረ። ያውም ቤቱን ሊያጣ እንደሚችል እያወቀ፣ በራሱ ላይ። ጉድጓድ የሚያህል ነገር አውጥቶ የሰጠ ሰው፣ በቀሩት ሦስት ጥጎች ሊዋሻችሁ ነው? እኔ አዋሳኝ ነኝ። ድንበሩ እሱና ሚስቱ የቆሙበት ነው። ይኸው ፊርማዬ።»

በማግስቱ የቀሩት አዋሳኞች መጥተው ፈረሙ። ኮሚቴው ተከራከረ፤ የመጋዘኑ ሰው «ሕግ ሕግ ነው» አለ። ሹሙ መለሰለት፦ «ሕጉ የሚለው የነበረውን አረጋግጡ ነው። በሃያ ዓመት ሥራዬ የቆመው አጥር ከሚሰጠው ያነሰ አስለክቶ የሄደ ሰው አላየሁም። አዋሳኙም ባለይዞታውም አንድ ቃል ከተናገሩ ከዚህ የበለጠ ማረጋገጫ ከየት ነው የማመጣው?» ምትክ ካርታው በሙሴ ሃይጋዝ ስም፣ ከመኖሪያ ፈቃዱ ቁጥር ጋር ተጽፎ ወጣ። ከድሮው አላነሰም፣ አልበለጠም። ሲራኑሽ ከረጢቶቹን ፈታች።

መጨረሻው አማረ ብዬ እንዳላታልልሽ፦ ግማሾቹ ሎሚዎች ደርቀው ተቆረጡ። ሙሉእመቤት እስከ ክረምቱ ድረስ ሰላምታ ነፈገችው። አንድ ጠዋት ግን በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ «ሙሴ፣ ለጉድጓዱ ሞተር ገዝቼ ነበር፤ አልነሣ ብሎኛል፤ ቢያዩልኝ» አለችው። ወደ «እርስዎ» መመለሷን ሰማ፤ መፍቻውን አነሣ። ሄዶ ጠገነላት። እሷም ለቀሩት ዛፎች ይሆናል ብላ አንድ የውሃ ጎማ በአጥሩ ሥር አሳለፈችለት። እንደ ድሮው አልተመራረቁም። ሲነጋገሩ ግን ማንም አንገቱን አይደፋም ነበር።

እንግዲህ ልጄ፣ የጥያቄሽ መልስ ይህ ነው። ጎርፉ የወሰደው ካርታውን ነው፤ ድንበሩን አልወሰደውም። ድንበሩ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው እስካለ ድረስ እዚያው ነበር። አባትሽም እንደዚያ ካርታ ነው። ቃልሽን ይዞ ሄዷል፤ ሊከስሽ የሚችል የለም። ግን በዚያ ክፍል ሁለት ሰዎች ነበራችሁ፤ የሞተው አንዱ ነው። የሰማ የለም ያልሽኝ አንቺ ራስሽ ሰምተሻል።

ያ ሰው በገዛ ከተማው ለመኖር ፈቃድ የሚጠይቅ ነበር፤ ያለ ወረቀቱ የሚያምነው መንግሥት አልነበረውም። እንዲህ ያለው ሰው ከተናገረ፣ የአባቷ ቤት ውስጥ ተደላድላ የተቀመጠችው ልጅ ምን ትፈራለች? እህትሽ ታመሰግንሻለች አልልሽም። ምናልባት የመጀመሪያው ጥያቄዋ «ለምን እስካሁን?» ይሆናል፤ ያን ጊዜ ምክንያት አትደርድሪ። አባትሽ ካረፈ ሰባት ወሩ ነው፤ ሙሴ ሃይጋዝ አራት ዓመት ዘግይቷል፤ አንቺ ገና ብዙ አልዘገየሽም። ወደ እህትሽ አገር የሚሄደው አውቶቡስ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ይነሣል።